ባለ ቫልቭ የጊታር አምፕሊፋየር በሙሉ ድምፅ ሲከፈት፦ ለወላይታ መዘምራንና ለድምፅ አገልጋዮች



በወላይታ ሶዶ ወይም በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች በአንዱ እሑድ ጠዋት በጉባኤ መካከል ተቀምጣችኋል እንበል። መዘምራን ተነሥተዋል፣ ጭብጨባውና እልልታው ደምቋል። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ያሉት እናቶች ግን የመዝሙሩን ቃል መያዝ አልቻሉም። የሚሰሙት ሊድ ጊታሩን ብቻ ነው። ከሽማግሌዎች አንዱ በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ «ቀንሱት!» ማለቱ ነው። ጊታር የሚጫወተው ወንድም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ያ የወደደው ወፍራምና የሚዘምር የሚመስል ድምፅ ወዲያው ጠፍቶ በቦታው ቀጭንና ደረቅ ድምፅ ይቀራል። ከአገልግሎት በኋላም «ከቀነስኩት ይበላሻል» ብሎ ያዝናል።

ከሁለቱ ትክክለኛው ማን ነው? ሁለቱም ትክክል ናቸው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው፤ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ለምን ሙሉ ድምፅ እንደሚፈልግ፣ ጉባኤውን ሳይጎዳ፣ ዘማሪውን ኤሌክትሪክ ሳይዘው፣ ዕቃውም ሳይቃጠል እንዴት ማዘጋጀት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ቫልቭ ለእኛ እንግዳ አይደለም

ዕድሜአቸው ገፋ ያሉ አባቶች የጥንቱን ባለ ቫልቭ ሬዲዮ ያስታውሳሉ። ከተከፈተ በኋላ ጥቂት ሳይሞቅ አይናገርም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ከአዲስ አበባ ሲያሠራጭ የቆየው፣ በ1977ም በደርግ መንግሥት የተወረሰው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ድምፁን በአጭር ሞገድ ወደ ሩቅ አገሮች ያደርስ የነበረው በትላልቅ ቫልቮች ኃይል ነው።

ቫልቭ ማለት አየሩ የተመጠጠ የመስታወት ብልቃጥ ነው። በውስጡ ያለው ክር ሲሞቅ ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፤ እነርሱም በዙሪያው ወዳለው ብረት ይሮጣሉ። በመካከል ያለው ወንፊት መሰል ሽቦ ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ተቀብሎ ያንን ሩጫ ይቆጣጠራል። በዚህ ዓይነት ትንሹ ምልክት ትልቅ ይሆናል። በጊታር አምፕሊፋየር ውስጥ ሁለት ዓይነት ቫልቮች አሉ። ትንንሾቹ (ብዙውን ጊዜ 12ኤኤክስ7 የሚባሉት) ምልክቱን ያሳድጋሉ፤ ትልልቆቹ (ኢኤል84፣ ኢኤል34፣ 6ቪ6 ወይም 6ኤል6) ደግሞ ስፒከሩን የሚገፋውን ኃይል ይሰጣሉ።

ለምን «ሙሉ ድምፅ»?

ትራንዚስተር አቅሙ ሲያልቅ ድምፁን በድንገት ይቆርጠዋል፤ ጆሮንም ይወጋል። ቫልቭ ግን አቅሙ ሲያልቅ ቀስ እያለ ይሻክራል። ጠንክሮ የተመታውን ክር ያለሰልሳል፣ ደካማውን ወደፊት ያመጣል፣ ድምፁም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ጊታር ተጫዋቾች የሚወዱት ይህንን ነው። ትልልቆቹ ቫልቮች ወደዚህ ደረጃ የሚደርሱት ግን ወደ ሙሉ አቅማቸው ሲጠጉ ብቻ ነው። በመሆኑም ያ ወንድማችን «ከቀነስኩት ይበላሻል» ሲል እውነቱን ነው። የሚፈልገው የሙሉ ድምፁን ጠባይ እንጂ ጩኸቱን አይደለም። ይህን ልዩነት ያስተዋለ ሰው ግማሹን ችግር ፈትቶታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ይህ ነው፦ ትንሽ አምፕሊፋየር በሙሉ አቅሙ መጠቀም፣ ትልቁን አፍኖ ከመጠቀም ይሻላል። ብዙዎቻችን ባለ 100 ዋቱ ከባለ 15 ዋቱ ሰባት እጥፍ የሚጮኽ ይመስለናል። እንዲህ አይደለም። ኃይል እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሯችን «እጥፍ ሆነ» እንዲል ደግሞ ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። በአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት 97 ዴሲቤል የሚሰጥ የተለመደ ስፒከር በ15 ዋት ወደ 109፣ በ100 ዋት ወደ 117 ዴሲቤል ይደርሳል። ልዩነቱ 8 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለአጥቢያ አዳራሽ ከ5 እስከ 15 ዋት ያለው በቂ ነው፣ አንዳንዴም ይበዛል። ለሜዳ ኮንፈረንስ እንኳ ትንሹን በማይክሮፎን ወስዶ በሞንታርቦ ማውጣት ይቻላል። በእጃችሁ ያለው ትልቅ ብቻ ከሆነም በአምፕሊፋየሩና በስፒከሩ መካከል የሚገባ፣ ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት የሚለውጥ ኃይል ቀናሽ ዕቃ አለ። ይህ ዕቃ ግን ከአምፕሊፋየሩ ዋትና ኦም ጋር የሚስማማ መሆን አለበት።

ከመሰካታችሁ በፊት፦ ቮልቱን አንብቡ

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ለመዘምራን የሙዚቃ ዕቃ ሲልኩ ደስ ይላል። ነገር ግን ከአሜሪካ የመጣ አምፕሊፋየር አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። ሳያነቡ የሰኩት እንደሆነ ስጦታው በአንድ ቅጽበት ይቃጠላል፤ የከፋ ዕለትም እሳት ያስነሣል። ስለዚህ ከኋላው የተጻፈውን አንብቡ።

220፣ 230 ወይም 240 የሚል ከሆነ መልካም ነው። ሁለቱንም የሚቀበልና መምረጫ ያለው ከሆነ መምረጫውን ወደ ከፍተኛው አድርጉ፣ ፊውዙንም ለዚያ ቮልት በተጻፈው መጠን ቀይሩ። በ220 ቮልት የሚስበው ከረንት በግማሽ ያህል ስለሚያንስ የድሮው ፊውዝ አይጠብቀውም። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ከ220 ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ባለ 50 ዋት አምፕሊፋየር ከመብራት የሚስበው ከ150 እስከ 200 ዋት ስለሆነ ትራንስፎርመሩ 500 ዋት ቢሆን ሳይጨነቅ ይሠራል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ አምፕሊፋየር በ50 ኸርዝ ይበልጥ ስለሚሞቅ፣ ጽሑፉ ላይ «50/60» የሚል መኖሩን አረጋግጡ።

መብራት ከፍና ዝቅ የሚልበት ቦታ ላላችሁ ደግሞ ስታቢላይዘር የግድ ነው። የአብዛኞቹ ቫልቮች ክር የሚሞቀው በ6.3 ቮልት ሲሆን፣ ከዚህ በላይም ሆነ በታች ከመቶ ዐሥር በላይ እንዳይዛባ ይመከራል። ይህ ማለት ለ220 በተሠራ አምፕሊፋየር የሶኬቱ ቮልት ከ198 በታች፣ ከ242ም በላይ መሆን የለበትም። ሲወርድ ድምፁ ይደክማል፤ ሲያልፍ የቫልቩ ዕድሜ ያጥራል። አንድ ቴስተር ገዝታችሁ ከእያንዳንዱ ፕሮግራም በፊት ሶኬቱን ለኩ።

ከሁሉ የሚበልጠው፦ ኧርዝ

ይህን ክፍል በጥንቃቄ አንብቡ፤ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነውና። አንዳንድ ቦታ የአምፕሊፋየሩ ስፒና ሦስት እግር ስላለው «ሶኬቱ ውስጥ አልገባም» ተብሎ የኧርዙ እግር ይቆረጣል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጉምጉምታ ለማጥፋት ሲባል ኧርዙ ይፈታል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ጊታር የያዘ ዘማሪ እጁ ሁልጊዜ ክሩ ላይ ነው፣ ክሩም ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የተያያዘ ነው። በውስጡ አንድ ነገር ተበላሽቶ መብራቱ ወደ ብረቱ ቢያመልጥ፣ ኧርዝ ካለ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ኧርዝ ከሌለ ግን መንገዱ የዘማሪው አካል ይሆናል። ከንፈሩ ማይክሮፎኑን በነካ ጊዜ ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ አፍ በደረቱ በኩል ያልፋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ አምፕሊፋየሩና ሚክሰሩ ኧርዝ ካለው ከአንድ መስመር፣ ቢቻል ከአንድ ዲቫይደር መብራት ይውሰዱ። ሁለተኛ፣ ሁሉም ከተከፈተ በኋላ፣ ማንም ጊታሩን አንሥቶ ወደ ማይክሮፎን ከመቅረቡ በፊት ቴስተሩን በኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ከጊታሩ ክር፣ ሌላውን ከማይክሮፎኑ ብረት ጋር አገናኙ። ንባቡ ወደ ዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ከጥቂት ቮልት ካለፈ ፕሮግራሙን አቁሙ፣ ኤሌክትሪሺያንም ጥሩ። አዳራሹ ራሱ ኧርዝ ከሌለው ኮሚቴው ሌላ ሞንታርቦ ከመግዛቱ በፊት ኧርዙን ያስተክል። የሞንታርቦው ግዢ ይደርሳል፤ የሰው ነፍስ ግን አይተካም።

ስፒከሩን ሳታገናኙ አትክፈቱ

ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ስፒከር ሳይገናኝለት ተከፍቶ ከተጫወቱበት፣ በተለይ በሙሉ ድምፅ፣ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። እርሱም ከዕቃው ውድ ክፍሎች አንዱ ነው። በመሆኑም ቅደም ተከተሉ ምንጊዜም «ስፒከር መጀመሪያ፣ መብራት በኋላ» ነው።

የኦሙ ቁጥርም መስማማት አለበት። ባለ 8 ኦም ስፒከር ባለ 8 ኦም መውጫ ላይ ይሰካል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ 4 ኦም፣ ተከታትለው ሲያያዙ 16 ኦም ይሆናሉ። ማገናኛ ገመዱም የስፒከር ገመድ ይሁን። የጊታር ገመድ ጫፉ ቢመሳሰልም ውስጡ ቀጭን ስለሆነ በሙሉ ድምፅ ይሞቃል፣ ሊቋረጥም ይችላል። በተጨማሪም 50 ዋት የተባለ አምፕሊፋየር እስከ መጨረሻ ሲከፈት ከ50 በላይ ያወጣል። ስለዚህ ስፒከሮቹ ተደምረው እጥፉን፣ ማለትም 100 ዋት ያህል መሸከም የሚችሉ ቢሆኑ መልካም ነው።

ማሞቅና ማዞሪያዎቹን ማስተካከል

ስታንድባይ የሚል ማብሪያ ካለው እርሱን ዝቅ አድርጋችሁ ዋናውን ክፈቱ። አንድ ደቂቃ ያህል ይሙቅ፤ ከዚያ ስታንድባዩን ክፈቱ። ቫልቮቹን ተመልከቱ። በመካከላቸው ያለው ክር ብርቱካናማ ሆኖ ቢታይ ጤናማ ነው። በዙሪያው ያለው ግራጫ ብረት ቀልቶ ከታየ ግን ወዲያው አጥፉት፤ ቫልቩ ከመጠን በላይ ከረንት እየሳበ ነው። ይህም ባያስ የሚባለው መለኪያ በባለሙያ መስተካከል እንዳለበት ያመለክታል። ራሳችሁ ከፍታችሁ ለመጠገን አትሞክሩ። በውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ያንን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። ማስተር የሚል ማዞሪያ ካለው እርሱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጌይኑን ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። አንድ ማዞሪያ ብቻ ካለው ከግማሽ ጀምሩ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሱ ድምፁ መጨመሩን ትቶ መሻከር ብቻ ይጀምራል። ከዚያ በላይ መጨመር ትርፉ ጭቃ ስለሆነ እዚያው አቁሙ። ከዚያ ወዲያ በጊታሩ ላይ ባለው የድምፅ ማዞሪያ ሥሩ። ለዘማሪው ስታጅቡ ወደ 5 ወይም 6 ዝቅ ስታደርጉት ድምፁ ይጠራል፤ የጊታር ተራ ሲመጣ ወደ 10 ስትመልሱት ይዘምራል። ይህን የለመደ ተጫዋች እንደገና ወደ አምፕሊፋየሩ መሄድ አያስፈልገውም።

ቤዙን በብቸኝነት ስትለማመዱ ከምትወዱት መጠን ቀንሱ። በሙሉ ድምፅ ቤዝ ሲበዛ የቤዝ ጊታሩንና የኪቦርዱን ግራ እጅ ይሸፍናል። መካከለኛውን ግን አትፍሩት፤ ጊታር የሚሰማው በእርሱ ነው። ሪቨርቡን ዝጉት። ብዙዎቹ አዳራሾቻችን የቆርቆሮ ጣራና የሲሚንቶ ወለል ስላላቸው ድምፅን ራሳቸው ያስተጋባሉ፤ ሌላ ማስተጋባት መጨመር ቃሉን ያደበዝዛል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያስተካከላችሁትም ሕዝብ ሲገባ ይለወጣል፤ ሰውና ልብሱ ድምፅን ይመጣሉና። ስለሆነም ከመጀመሪያው መዝሙር በኋላ እንደገና አዳምጡ።

የት እናስቀምጠው?

የጊታር ስፒከር ድምፁን እንደ ባትሪ ብርሃን በፊቱ በቀጥታ ይወረውራል። ወለል ላይ ተቀምጦ ወደ ሕዝቡ ከዞረ፣ ተጫዋቹ በእግሩ አጠገብ ስለሚያልፍበት ጥቂት ይሰማል፤ ከፊት ወንበር ያሉት ግን ጆሮአቸው ይቃጠላል። ተጫዋቹም «አልተሰማኝም» ብሎ ይጨምራል። መፍትሔው አምፕሊፋየሩን በጎን በኩል አድርጎ ወደ ኋላ ማዘንበልና ወደ ተጫዋቹ ፊት ማዞር ነው። ከዚያም እንደ ሹር ኤስኤም 57 ያለ ማይክሮፎን ከስፒከሩ ጥቂት ጣቶች ርቀት ላይ፣ ከመሐል ወጣ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ወደ ሚክሰር የገባው ድምፅ በሞንታርቦው ሲወጣ መጠኑን የሚወስነው የድምፅ አገልጋዩ ነው። አምፕሊፋየሩ ሙሉ አቅሙን ያገኛል፤ ጉባኤው ግን የሚደርሰው በልክ የተመጠነው ነው። በዚህ መንገድ ሽማግሌውም ጊታር ተጫዋቹም ይታረቃሉ።

ጆሮና ጎረቤት

እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ሙዚቃ ለሚቀርብባቸው ቦታዎች ባወጣው መመዘኛ ድምፁ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። በሥራ ጤና ባለሙያዎች ስሌት መሠረት ደግሞ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት፣ 94 ለ1 ሰዓት፣ 100 ለ15 ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈቀዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ያጥራል። ከላይ ያየነው ባለ 15 ዋት አምፕሊፋየር በአንድ ሜትር 109 ዴሲቤል ከሰጠ፣ ፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው የሚፈቀደው ከ2 ደቂቃ በታች ነው ማለት ነው! ከልምምድ በኋላ ጆሯችሁ ጭው ካለ ማስጠንቀቂያ ነው። የሞተ የመስማት ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ የጆሮ መድፈኛ ተጠቀሙ፣ ሕፃናትን ከስፒከር ፊት አታስቀምጡ።

ጎረቤቶቻችንንም አንርሳ። በአገራችን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ብክለትንም ይመለከታል፤ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የድምፅ ደረጃም ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከል በሆነችው ሶዶ ከአጥቢያው አጥር ማዶ የታመመ፣ ለፈተና የሚያጠና፣ ከሌሊት ሥራ ገብቶ የተኛ ሰው ይኖራል። እርሱ በመዝሙራችን ምክንያት ቢያዝን፣ መዝሙሩ ምን አተረፈ?

ለሜዳ ፕሮግራምና ለመንገድ

ወደ ቦዲቲ፣ አረካ፣ ሁምቦ ወይም ገሱባ ለአገልግሎት ስትወጡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው ጄኔሬተር ነው። ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት የጄኔሬተር ሞተር ከተጻፈው አቅሙ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። 3 ኪሎ ዋት የተባለውን 2.4 ብላችሁ አስቡት። ሳሳ ያለ አየር ቫልቭንም በደንብ ስለማያቀዘቅዝ፣ የአምፕሊፋየሩን ጀርባ በሸራ ወይም በመጋረጃ አትሸፍኑት። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ እስኪረጋጋ፣ ቮልቱም እስኪለካ ድረስ አምፕሊፋየሩን አትሰኩት።

ሁለተኛው ጉዞ ነው። ትኩስ ቫልቭ በቀላሉ ይሰበራል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ አጥፍታችሁ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ከዚያ በኋላም በመኪና ጣራ ላይ አትጫኑት፤ እንደ እንቁላል በውስጥ፣ በፍራሽ ወይም በብርድ ልብስ ላይ ይሂድ። ቫልቭ እንደ አምፖል በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ ከውጭ የሚመጣ ሰው ስታገኙ መጠባበቂያ አስመጡ። ዛሬ በዋናነት የሚሠራው በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ነው። ትልልቆቹን ስታዝዙ «የተጣመሩ» ይሁኑ፤ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ።

በመጨረሻ

ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1928 በሚሲዮናውያን አማካኝነት ወደ ወላይታ ሲገባ ጊታርም ሞንታርቦም አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1937 ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ የተዉት ወደ ሃምሳ የሚጠጉ የተጠመቁ አማኞችን ብቻ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ግን ብዙ ሺህ ሆነው አገኟቸው። በእነዚያ ዓመታት መዝሙር ከቤት ወደ ቤት፣ ከመንደር ወደ መንደር ሲሄድ የተሸከመው የሰው ድምፅ ነው፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል። ያን መዝሙር ያሻገረው ቃሉ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ላይ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፁ ካልተለየ ምን እንደሚጫወት የሚያውቅ እንደሌለ ያስተምራል።

ስለዚህ ጊታር የምትጫወት ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴም ሆይ፣ ሁሉን ካስተካከላችሁ በኋላ አንድ የመጨረሻ ፈተና አድርጉ። መዘምራኑ ሙሉውን መዝሙር ይዘምሩ፤ አንድ ሰው ደግሞ ከሁሉ ኋላ ካለችው አግዳሚ ወንበር ይቀመጥ። ቃሉን አንድ በአንድ መድገም ከቻለ ሥራችሁ ተሳክቷል። ካልቻለ ሚክሰሩ ላይ የጊታሩን ዝቅ አድርጉ፣ እንደገናም ሞክሩ። ያች ከኋላ የምትቀመጥ እናት መዝሙሩን ይዛ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ በሙሉ ድምፅ የተጫወታችሁት ያን ጊዜ ነው።

እግዚአብሔር አገልግሎታችሁን ይባርክ።